ያልገባችበት ወንዝ

ሸዋርጋ ሮቤ ላይ ልጆችን ዋና አስተምራለሁ ስትል ሰው ሁሉ ሳቀባት። «በዚህ ብርድ? ዓሣ ልታደርጊያቸው ነው?» አሏት። ይሳቁ! ሐዋሳ ሄዳ፣ ቀን አስተናጋጅ ሆና እየሠራች፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ተምራ፣ የምስክር ወረቀቷን ይዛ የተመለሰች ናት። በጎባ መንገድ ያለችውን የመስኖ ኩሬ ለምና አስፈቅዳ በሦስት ዓመት አሥራ አራት ተማሪዎች አገኘች። እንጀራዋ እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርቷ ግን ውሃ አያስነካም። ሰው ሲሰጥም ስታዩ ዘላችሁ አትግቡ፤ ጩኹ፣ ገመድ የታሰረበት ባዶ ጀሪካን ወርውሩ፣ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ሳቡ ትላለች። ወላጆችን ያስቆጣው ይሄ ነው። በዚህ አገር ወንዝ አንዱን ሲወስድ ወንድም ይከተላል፣ የአጎት ልጅ ይከተላል፤ ዳር ቆሞ የቀረ ለቅሶው ላይ ቀና ብሎ ሰው አያይም። ስንቱ ቤት በአንድ ቀን ሁለት አስከሬን አውጥቷል!

ሸዋርጋ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ወንድሟን ወንዶሰንን በክረምት የሞላው የቶጎና ወንዝ ወሰደው። ተከትላው ልትዘል ስትል እናቷ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከኋላ ወገቧን ጨምድደው ያዟት። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ለቅሶው ላይ አንዲት ዘመድ «ማን ነበር አብሮት?» ብላ ስትጠይቅ እናትየው ደነገጡ። «እሷ ነበረች፤ ቆማ አየችው» አሉ። ራሳቸው እዚያ እንደነበሩ አልተናገሩም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሸዋርጋም እናቴን እንዴት አሳጣለሁ ብላ ዋጠችው፤ ነገሩ ተለጥፎባት አደገች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወላጆቹ ልጆቻችንን እናስወጣ ብለው ኩሬው ዳር ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስም ወሬውን ሰምተው መጥተው ከሴቶቹ ኋላ ቆሙ። ከተማሪዎቹ የአንዷ፣ የሰቢሪና አባት ኦቦ ሁንዴ ነገሩን አፍረጠረጡት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ወንድምሽን ውሃ ሲወስደው ቆመሽ አየሽ ይባላል። ልጆቻችንን የምታስተምሪው ያንኑ ነው?»

እውነቱን ብትናገር ትድናለች፤ እናቷ ግን በአደባባይ ይዋረዳሉ። ዝም ብትል ልጆቹ ይሄዳሉ፣ የለፋችበት ሁሉ ያበቃል። ወደ እናቷ አላየችም።

«አዎ ኦቦ ሁንዴ፣ ቆሜአለሁ» አለች። «ከፈለጉ ልጅዎን ይውሰዱ።»

ኦቦ ሁንዴ የሰቢሪናን እጅ ያዙ። ሌሎቹም ልጆቻቸውን መጣራት ጀመሩ።

«ቁሙ!»

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ነበሩ። ሴቶቹን ገፋ ገፋ አድርገው ወጡ፤ ነጠላቸው ሲወድቅ አላነሡትም።

«እሷ አልቆመችም። እኔ ነኝ የያዝኳት! ነከሰችኝ፣ ቧጠጠችኝ፣ አልለቀቅኳትም። ልጇን ትታ ቆመች እንዳልባል ፈራሁና እሷ ላይ አላከክሁ። ብለቃት ኖሮ ዛሬ ማን ይቀብረኝ ነበር?»

ኦቦ ሁንዴ የልጃቸውን እጅ ቀስ ብለው ለቀቁ።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንዱን ውሃ ወሰደብኝ፤ አንቺን በአፌ ገደልኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ሸዋርጋ «ምንም አይደል» ልትል ፈለገች፤ አልወጣላትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው! መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ ወንዶሰን ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት «ወንድሜን!» ብላ አለቀሰች።