የሸቤ ክብሪት ቀፎዎች

«ጌታዬ፣ ምን በድዬህ ነው?» አለች ሸዋረገጥ። ከሸቤ የመጣው ሰገራ በሙሉ፣ የታመመውም የጤነኛውም፣ ነጭ መስመር አወጣባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋረገጥ ጅማ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለ አሜባ ስትለፋ ከርማለች። ሰገራው መንገድ ላይ ከቀዘቀዘ አሜባው ይሞታል፤ ከሞተ በማይክሮስኮፕ ለይቶ ማየት ጭንቅ ነው፤ ሐኪሙም «የለብህም» ብሎ በሽተኛውን ይሸኘዋል። የአሜባው ፕሮቲን ግን ቢቀዘቅዝም ቶሎ አይጠፋም። እሷም ፕሮቲኑን ለይታ ጥንቸል ወጋችበት፣ የጥንቸሏ ደም እንዲያውቀው ብላ። ከዚያ ደም የወጣውን ውሃ ከሰገራ ጋር ስታገናኘው አሜባ ካለ ነጭ መስመር ይወጣል፤ ከሌለ ዝም ይላል። ጥንቸሏ ሞታለች። ከደሟ የቀረውን ጠብታ ሁሉ፣ ሸቤ ካሉ ገበሬዎች ከየቤቱ በተላከላት ሰገራ ላይ አዋለችው።

«አገሩን ሁሉ በሽተኛ አደረግሽው እኮ!» አላት አለቃዋ ዶክተር ፈየራ። «ምርመራሽ ጤነኛውን ካልለየ ምን ይሠራልናል? እዘጋዋለሁ።»

«ሄጄ ልይ፣ ዶክተር፤ ይታገሱኝ።»

ቡና ሊጭን በሚሄድ መኪና ተሳፍራ ሸቤ ወረደች። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ጀቤሳ ፊቱ በርቶ ተቀበላት።

«ጓድ ሸዋረገጥ! ኮታችንን አየሽው? አንድ ቤት አልጎደለም!»

«ሁሉም የየራሱን ነው ያመጣው?»

ጀቤሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ጎረቤቱ ረሺዳ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ንገራት እንጂ! ማሎ፣ እባክሽ አንቺ ልጅ፣ እኛ ቡና ለቀማ ላይ ነበርን። እሱ ደግሞ ‹እስከ ማታ ካልመጣ ወዮላችሁ› አለ። ሐፍረቱስ? ይህንን በክብሪት ቀፎ ይዤ በወንድ ፊት ልለፍ? ጎረቤታችንን አባቦራን ሆዱን ካመመው ሰንብቷል፤ እሱ ለሁላችን አዋጣልን።»

«ለሁላችሁ?»

«ኤዬ። ወላሂ፣ እሱስ ተርፎት ነበር።»

«ምርመራው በጤነኛው ዝም ማለቱን ለማየት ነበር እኮ የለፋሁት!» ብላ ጮኸች ሸዋረገጥ።

«እህል ሲዋጣም እንዲሁ ነው የምናደርገው» አለ ጀቤሳ ቅር ብሎት። «ያለው ለሌለው ይሞላል።»

ለካ ምርመራው አልተሳሳተም። በየቀፎው ያገኘው አባቦራን ነው። ሰውየውን ከስቶ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ አገኘችው፤ ጅማ ወስዳ አሳከመችው፣ ተመስገን፣ ዳነ።

ዶክተር ፈየራ ግን ፍንክች አላለም።

«በአንድ ሰው ሰገራ ልታሳምኚኝ ነው?»

«ሌላ ጥንቸል ይግዙልኝ፤ ጤነኛውንም ላሳይዎት።»

«መጀመሪያ ጤነኛውን አሳዪኝ፤ ከዚያ ጥንቸል እገዛለሁ።»

«ያለ ጥንቸል በምን ላሳይዎት?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሸዋረገጥ እግዚአብሔር ትዕግሥት እንዲሰጣት ለመነች። አልሰጣትም መሰለኝ፤ ቤቷ እስክትደርስ ብቻዋን ስታጉረመርም ሄደች።

በሳምንቱ የሸቤ ሰዎች በጭነት መኪና መጥተው የላቦራቶሪውን ግቢ ሞሉት። ረሺዳ ከፊት ናት፤ ቀፎዋን ሻሿ ስር ደብቃ።

«አውፍ በይን። የየራሳችን ነው። አባቦራ አልነካውም፣ ወላሂ!»

ምን ትበላቸው? የምትሞክርበት አንድ ጠብታ የላትም። «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ከሁሉም ተቀበለች። የላቦራቶሪው ፍሪጅ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሠራው የዶክተር ፈየራ ቢሮ ያለው ብቻ ነው። ሳታንኳኳ ገባች፣ የአምቦ ውሃውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት፣ ክብሪት ቀፎዎቹን በቦታው አስገባች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ዶክተሩ አፍንጫውን ይዞ።

«ጤነኞቹ ናቸው፣ ዶክተር። ጥንቸል እስኪገዙልኝ እዚህ ይጠብቁዎታል።»