እስቲ ላየው

ልጅቱ ብርጭቆ እያለቀለቀች ሳለ ነው በማድቤቱ መስኮት የአባቷን የሥራ ባልደረባ፣ ሬዲዮን፣ ያየችው። ግቢው ውስጥ ከውኃ ታንከሩ ጥግ፣ ከአባቷ ብስክሌት አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ግራ ቀኙን ቃኘ። ከዚያ የግራውን ፔዳል በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ራሱ ሳብ፣ መልሶ ገፋ አደረገው። አንዴ ብቻ። እጁን ቶሎ ወደ ኪሱ መለሰና አንገቱን ደፍቶ ወደ ሳሎን ገባ።

ብርጭቆው በእጇ ላይ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ።

ሬዲዮ የሚሉት በቀን ከሦስት ቃል በላይ ስለማይተነፍስ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአባቷ ጋር በአንድ የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው ሠርተዋል። ቅዳሜ ዕለት የአባቷን ብስክሌት የመሐል ኩሽኔታ፣ የፔዳሎቹ ዘንግ የሚዞርበትን፣ የቀየረው እሱ ነው። ሰኞ ጠዋት አባቷ በዚያው ብስክሌት ዳገቱን ሲወጣ፣ ከኮርቻው ተነሥቶ ሲረግጥ፣ የግራው የፔዳል ክንድ ከዘንጉ ሸሸ። ጭንቅላቱን የመንገዱ ጠርዝ መታው፤ ሆስፒታል ቢደርስም አልተረፈም። ማክሰኞ ተቀበረ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ሰውም በሹክሹክታ።

«ከሱ ሌላ ማን ነካው?» አሏት አጎቷ፣ የሻይ ትሪውን ይዛ በአጠገባቸው ስታልፍ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ጨርሰው ጡረታ የወጡ። «ሱቁስ አሁን በማን እጅ ሊቀር ነው? አስቢዋ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«አጎቴ፣ ይሰማዎታል።»

«ይስማ! ከሰዓት ዘመድ ሲሰበሰብ በሰው ፊት እጠይቀዋለሁ። መልስ ካጣ ከዚህ ቤትም ከሱቁም እግሩ ይወጣል።»

ለሬዲዮ ሻዩን ስታቀብለው ቀና ሳይል፣ «ብስክሌቱን ልውሰደው?» አላት።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ ብሎ ነገር የለም።»

ሻዩን ፉት አለ። የቀኑን ሦስት ቃል ጨርሷል።

አባቷን ሰፈሩ ጋሽ ላየው ነበር የሚለው። የማያውቅ ሰው እናት አባቱ ያወጡለት ስም ይመስለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ሌላ ሰው የሠራውን «እስቲ ላየው» ሳይል አያልፍም። ሬዲዮ አጥብቆ የጨረሰውን ብሎን ይፈታል፣ ያያል፣ መልሶ ያጠብቃል። ሬዲዮ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይልና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይጠብቃል። አንድ ደንበኛ ይህን አይቶ፣ «ጋሽ ላየው፣ ሚስትህንስ አንዴ ፈትተህ አላየሃትም?» ቢለው፣ ምሳ ልታደርስ የመጣችው እናቷ ቀበል አድርጋ፣ «ይፈታኝና ይሞክራ! መልሶ አያገኘኝም» አለች። ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ልብስ ስፌት በተማረች ዓመት፣ ለእናቷ የሰፋችውን የመጀመሪያ ቀሚስ ጠርዝ አባቷ በምላጭ ተርትሮ የውስጡን ስፌት ሲመረምር ደርሳበታለች። «ጎበዝ፣ ጥሩ ሰፍተሻል» አላት። የተተረተረው ግን ተተርትሯል። ከዚያ በኋላ የሠራችውን አሳይታው አታውቅም።

ሰዉ ጋብ ሲል ወደ ግቢው ወጥታ ከብስክሌቱ ፊት ተንበረከከች። አባቷ ይህን ሥራ ያስተማራት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። «ላልቷል ከማለትሽ በፊት የቱ እንደላላ እወቂ» ይል ነበር። «አንዱን ክንድ ይዘሽ ወደ ጎን ነቅንቂው። የወዲያኛውም አብሮ ከተነቃነቀ ሕመሙ መሐል ነው፣ ኩሽኔታው። ይሄ ብቻውን ከተነቃነቀ ግን መሐሉን አትሚው፤ ክንዱን ከዘንጉ ጋር የያዘው ብሎን ነው።»

እሷ የፈለገችው ሁለቱም አብረው እንዲነቃነቁ፣ ጥፋቱም የሬዲዮ ኩሽኔታ እንዲሆን ነበር። ይህን ከራሷም አልደበቀችም። ቀኙን ያዘችው፤ ድንጋይ ነው። ግራውን ያዘችው፤ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ወዲህ ወዲያ አለ። ብቻውን። ፔዳሉን አሽከረከረችው፤ መሐሉ ድምፅ እንኳ አላሰማም። የሬዲዮ ኩሽኔታ እንከን የለበትም።

ታዲያ ብሎኑስ? ኩሽኔታውን ለመቀየር ክንዱን የፈታው ራሱ አይደል? የፈታ አያጠብቅም?

«ተይው» አለ ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ።

«እማ፣ ብሎኑ ላልቷል። ሬዲዮ አላጠበቀውም።»

«አጥብቆት ነበር።»

«በምን አወቅሽ?»

እናቷ ጥቁር ሻርፗን በጣቷ ጠቀለለች። «እሑድ ጠዋት አባትሽ እዚሁ ገልብጦ ፈታው። ‹እስቲ ላየው› ብሎ። ከመጥበቁ የተነሣ መፍቻው አምልጦት አውራ ጣቱን ላጠው። ሲራገም ሰማሁት።» በእጇ ወደ ጓዳው አመለከተች። «ከዚያ እኔ ጠራሁት። የጓዳው መደርደሪያ ሊወድቅ ነው፣ ቶሎ ና ብዬ። ብሎኑን በጣቱ ያዝ ብቻ አድርጎት መጣ። መደርደሪያውን ሠራ፤ ከዚያ እንግዳ መጣ፤ በቃ፣ ረሳው። ሰው ሬዲዮን ሲያማ እሰማለሁ፤ አፌ አልከፈት አለኝ። እኔ ነኝ የጠራሁት፣ ልጄ።»

ልጅቱ ሆስፒታል ያንን አውራ ጣት ይዛ ነበር። ፕላስተር ነበረበት። ሲወድቅ የተላጠ መስሏት፣ የቆየ ፕላስተር መሆኑን ልብ አላለችም።

ተነሥታ እናቷን አቀፈቻት። «መደርደሪያው የእኔና የአንቺ ነው» አለቻት በጆሮዋ። «ለሌላ ሰው አንናገረውም።»

ከሰዓት አጎቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውን ሬዲዮ ላይ ተከሉ።

«ቅዳሜ የወንድሜን ብስክሌት የጠገንከው አንተ ነህ?»

«አዎ» አለ ሬዲዮ።

«ብሎኑንስ አጥብቀሃል?»

ሬዲዮ ወለሉን አየ። «እንጃ።»

ከሰዉ መሐል አንዲት ሴት «አይ አለመታደል!» አለች። ልጅቱ ግን አፍጥጣ ቀረች። ይህ ሰው ስለ ብሎን «እንጃ» አይልም። አጥብቆታል፤ ጠዋት ነቅንቆ ሲያየው ደግሞ ማን እንደፈታው ገብቶታል። ብስክሌቱን የጠየቀው፣ ሰው ሳያይ ሊያጠብቀው ነው። ጋሽ ላየው ብሎን ሳያጠብቅ ሄደ ከሚባል የራሱ ስም ቢጠፋ መርጧል።

«ውሸቱን ነው» አለች። ሁሉም ዞረ። «አጥብቆት ነበር። አባዬ እሑድ ሊያየው ፈታው፤ መልሶ ማጥበቁን ረሳው።»

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቱ ግን መደርደሪያውን አላነሳችም።

«ወንድሜ? ወንድሜ ብሎን ረሳ?» አሉ አጎቷ።

«ኧረ ላየው!» አለ አንድ የድሮ ደንበኛ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ባልለየለት ድምፅ።

አጎቷ መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው አገላበጡት። «ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የዘራነውን ባቄላ፣ በቅሏል ወይ ብሎ፣ በየቀኑ እየቆፈረ ያየው ነበር። አንድም ሳይበቅል ቀረ።» ከዚያ ወደ ሬዲዮ ዞረው፣ «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አሉት።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ልጅቱ ብስክሌቱን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። «ጋሼ፣ አጥብቀው» አለችው። ሬዲዮ ብሎኑን የሚሸፍነውን ትንሽ ክዳን አውልቆ መሬት ላይ አኖረ፤ ክንዱን በዘንጉ ላይ አስተካክሎ፣ በመፍቻው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠመዘዘ። በመጨረሻው የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

ምን እንደሚጠብቅ ገባት። ጣቶቿ ወደ ክንዱ ሄዱ፤ ከቀዝቃዛው ብረት ላይ አረፉ።

አልነቀነቀችውም። የብሎኑን ክዳን ከመሬት አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችው፣ በቦታው አድርጋ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ጠቅ ብሎ ገጠመ። ብስክሌቱን ገፍታ ከግድግዳው አስደገፈችው።