አልለዝብ ያለው ድምፅ

የሬዲዮ ጠጋኙ ትዕግሥት አልቋል። ታላቅ ወንድሙ ያመጣለት የጊታር አምፕሊፋየር፣ ያ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች የሚሠራ ከባድ ሣጥን፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዱን ዘርግፎ ከተቀመጠ ሰነባብቷል። ወንድሙ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «እንደ ድሮዎቹ ሞቅ፣ ለዘብ ያለ ድምፅ ስጠኝ። ይሄ ጆሮ ይበሳል።» ከዓመታት በኋላ የድሮ ባንዱ ጠርቶታል፤ በዚህ ድምፅ ግን መድረክ አልወጣም ብሎ ምሏል።

ጠጋኙ ያላደረገው የለም። ካፓሲተሮቹን ነቅሎ ቀጭኑን ድምፅ የሚያስቀሩ ሌሎች በየደ። ከየገበያው አሮጌ ቫልቮች ለቃቅሞ ለወጠ። ስፒከሩን ሳይቀር ቀየረ፤ ጣቱንም አቃጠለ። ወንድሙ ግን ይመጣና አንድ ሁለት ክር መትቶ ፊቱን ያጨማድዳል።

«አሁንም ይፏጫል።»

ይፏጫል! ከዚህ በላይ እንዴት ሆኖ ይለዝብ? ሚስቱ እንኳ ከጓዳ ሰምታ፣ «ሰውየው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው እንዴ የሚጫወተው?» ብላ ስቃለች። እውነቷን ነው፤ ድምፁ ከመለዘብ አልፎ ታፍኗል። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ጠጋኙ ሣጥኑን አሸክሞ በሸኘው ነበር። ጋሼን ግን እንዴት አድርጎ? በልጅነቱ ጎኑ አስቀምጦ ሙዚቃ መስማት ያስተማረው እሱ ነው። እሱ ይፏጫል ካለ የሚፏጭ ነገር አለ ማለት ነው፤ የማይሰማው ጠጋኙ ነው ጥፋተኛ። ይህ ነው ያንገበገበው። የገዛ ጆሮውን ማመን አቅቶት እንደገና ይነቅላል፣ እንደገና ይበይዳል።

ዛሬም ወንድሙ ሲመጣ ጠጋኙ ከሣጥኑ ጀርባ ተንበርክኮ የመጨረሻውን ቡሎን ያጠብቅ ነበር። ወንድሙ ጊታሩን አንግቶ ገመዱን ሣጥኑ ላይ ሰካና አንገቱን ዘመም አደረገ።

«ይኸው! ገና ሳልነካው ይፏጫል። አይሰማህም እንዴ? ጆሮህን ምን ነካው?»

የጠጋኙ ደም ፈላ። ብድግ አለና የሣጥኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ጫፍ ወንድሙ አፍንጫ ሥር ደቀነው።

«ጋሼ፣ ኤሌክትሪኩን አልሰካሁትም እኮ!»

ወንድሙ የገመዱን ጫፍ አየ፤ ከዚያ ግድግዳውን አየ። ቀስ ብሎ አንድ ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ፤ ሌላውንም ደፈነ። ጠጋኙ ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀም። ፈራ።

«ቤትም ይሰማኛል» አለ ወንድሙ እጆቹን አውርዶ። «ተኝቼም ይሰማኛል። ይሄ ሣጥን ጆሮዬ ላይ ያስቀረው መስሎኝ አንተን ስረግም ነው የማድረው።»

ጠጋኙ ሐኪም ቤት እንሂድ ሊል አፉን ሲከፍት ወንድሙ ጊታሩን ከትከሻው አውልቆ ሰጠው።

«እንካ፣ ኤሌክትሪኩን ሰካና ምታው» አለ። «እንዴት እንደሚል አንተ ንገረኝ።»