ሐረጎን የደፈረች ሞተር

ጋሽ በሺር ሐሙስ ሐሙስ የሚያደርጉት ዱዓ ለሰው ቢነገር የሚያስቅ ነበር። የአማቻቸው የሙንዚር ሞተር ሐረጎ ዳገት ላይ አቅም እንድታጣ ነበር አላህን የሚለምኑት። ሌላው ሽማግሌ ለጤና ይለምናል፣ ለዝናብ ይለምናል፣ ለልጅ ልጅ ይለምናል። እሳቸው ደግሞ ሞተር እንድትለግም።

ምክንያት ነበራቸው። ጋሽ በሺር ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ልጃቸው ኢስራ ቤት ነው። ኮምቦልቻ የቆየች የበርበሬና የሽንኩርት መደብር አለቻቸው። ሥራውን ለወንድማቸው ልጅ ከተዉት ሰንብተዋል፤ ሐሙስ ሐሙስ ወርደው ሚዛኑን በእጃቸው ካልነኩ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የኢስራ ባል ሙንዚር ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራልና ጠዋት ከኋላው አፈናጦ ይወስዳቸዋል፣ ከሥራ ሲወጣ ይመልሳቸዋል።

ሲወርዱ ችግር የለም፣ ቁልቁለት ማንን ይከብዳል። ጉዱ ሲወጡ ነው። የሙንዚር ሞተር ከብዙ ሰው እጅ ያለፈች የቻይና ሞተር ናት። ሐረጎ ትልቁ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ አንደኛ ማርሽ ገብታም ታቃስታለች፣ ትንፈራገጣለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች። ጋሽ በሺር ሳይጠየቁ ይወርዳሉ። ሙንዚር ብቻውን ይወጣና ዳገቱ ረገብ የሚልበት ቦታ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው በእግራቸው ይደርሱበታል።

መታጠፊያው ላይ ደግሞ ረሂማ አለች። በማዳበሪያ ከረጢት ጥላ ሥር ተቀምጣ ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጇ አግብቶ ሐርቡ ይኖራል። መጀመሪያ ጋሽ በሺር አጠገቧ የቆሙት ትንፋሽ ለመሰብሰብ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ድንች ገዙ። በሚቀጥለው ደግሞ ሚጥሚጣሽ ደክሟል አሉና ከመደብራቸው ጥሩውን ቋጥረው አመጡላት። ሰው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሚጠመደው። እያደር ጨዋታው ረዘመ። ላይ ሙንዚር ሞተሯን አጥፍቶ ይጠብቃል፣ አማቱ በዕድሜ ምክንያት የዘገዩ እየመሰለው ሆዱ ይባባል፤ ታች አማቱ ትኩስ ድንች በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ።

በመጨረሻ ነገሩን ቁርጥ ያደረገችው ረሂማ ናት። ልጇ ሐርቡ ወርደሽ ከኛ ጋር ኑሪ እያለ እንደሚጨቀጭቃት፣ የሐረጎ ብርድም እንደመረራት ነገረቻቸው።

«ሰው ካለኝ እቀራለሁ፣ ከሌለኝ እወርዳለሁ» አለች፣ ድንቹን ከመላጥ ሳታቋርጥ።

ጋሽ በሺር ምን ማለቷ እንደሆነ ገባቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ መልሴን ይዤ እመጣለሁ አሏት። መልሱማ ምላሳቸው ላይ ነበር። ሽማግሌ እንደ ጎረምሳ ዘሎ እሺ አይልም ብለው ነው እንጂ። ይህችን አንድ ሳምንት ባያሳድሯት ኖሮ ከብዙ ጣጣ በዳኑ።

ሙንዚር ሞተሯን ማጎልበት የጀመረው በዚያው ሳምንት ነበር። እሱም የራሱ ቁስል ነበረው። የፋብሪካ ጓደኞቹ በሰርቪስ ሲያልፉ እሱን በሞተር፣ ሽማግሌውን በእግር እያዩ «ልጅቱን አግብቶ፣ አባትየውን በእግር» እያሉ ሲስቁበት ከርመዋል። አማች የሆነ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ይተኛል? አዲስ ሞተር መግዛት አይታሰብም፣ የቤት ኪራይም በጭንቅ ነው የሚከፈለው። የሰፈሩ መካኒክ አግማስ ግን መላ አላጣም። ሞተሯን ሳይፈታ፣ በአሮጌ ዕቃ፣ ከውጭ እየታሰረ በሚገባ ነገር ብቻ ጉልበት እጨምርላታለሁ አለ። የአየር ፊልትሮዋን አውጥቶ ሰፊ አደረገላት። ጭስ የምትተፋበትን ማርሚታዋንም ነቅሎ ከአንድ ከተጋጨ ትልቅ ሞተር ላይ የተፈታ አፈ ሰፊ ማርሚታ አሰረላት። በደንብ ያልተነፈሰ ዳገት አይወጣም፣ ሞተርም እንደዚያው ነው አለ።

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ በሺር ጺማቸውን ሂና ነክተው፣ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቀው፣ መልሳቸውን በልባቸው ይዘው ተፈናጠጡ። ሲመለሱ መታጠፊያው ጋ እንደ ልማዳቸው ለመውረድ አንድ እግራቸውን አዘጋጁ። ሞተሯ ግን አልቆመችም። አገሩን በጩኸት ሞልታ መውጣቷን ቀጠለች። ጋሽ በሺር «ልጄ፣ እዚህ ጋ...» ብለው ነበር፤ ማርሚታው ዋጠው። ረሂማን በጨረፍታ አዩዋት። ቢላዋዋን እንደያዘች ቆማ ነበር። ከዚያ መታጠፊያው ሸፈናት።

ላይ ሲደርሱ ሙንዚር ፊቱ በርቶ ዞረ።

«እንዴት ነው አባባ፣ ዛሬስ እግርዎ አረፈ?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሌላ ምን ይባላል።

አውርደኝ ማለት ነበር እንጂ የሚል ይኖራል። እንዲህ የሚለው የአማትና የአማችን ወግ የማያውቅ ነው። ሙንዚር አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ አያውቅም። እሳቸውም ውሃ ሲጠማቸው ለኢስራ ይነግራሉ እንጂ እሱን አምጣልኝ ብለውት አያውቁም። እንዲህ የሚያከብሩትን ሰው፣ የሟች ሚስታቸውን ልጅ ያገባውን ሰው፣ ሚስት ስለፈለግሁ እዚህ አውርደኝ ሊሉት? ከዚያ ራቁት መሄድ ይቀላል። በሚኒባስ ልሂድ ብለውም ሞክረው ነበር። ኢስራ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ሙንዚር ምን አጠፋ፣ ምን አስቀየመዎት እያለች አስጨነቀቻቸው። ተዉት።

ሌላ ዘዴ አሰቡ፤ ክብደት። በሚቀጥለው ሐሙስ ከመደብራቸው አንድ ከረጢት ሽንኩርት ለቤት ብለው አስጫኑ። እሱ አልበቃ ብሎ የሚዛኑን ብረቶች በሙሉ፣ ዝገዋልና ደሴ ወስጄ አጸዳቸዋለሁ ብለው በጭናቸው ላይ አቀፏቸው። ሙንዚር ዕቃውን አየና ከረጢቱን አጥብቆ አሰረ፣ ወግ ነዋ። ሞተሯ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ አጓራች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ጋሽ በሺር ከደስታቸው ብዛት ብረቶቹን እንዳቀፉ ዘለው ወረዱ።

ደስታቸው ግን ጢስ ሆኖ ቀረ። ሙንዚር እንደ ድሮው ብቻውን በመውጣት ፈንታ ስልኩን አውጥቶ አግማስን ጠራው። አግማስ የሰው ሞተር ተውሶ ከነመፍቻው ከተፍ አለ። ደሴ ላይ የተቃኘ ካርቡራተር ለኮምቦልቻ አይስማማም፣ የኮምቦልቻው ደሴ ላይ ይታፈናል፣ ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ስለዚህ የምትለግምበት ቦታ እዚሁ ነውና እዚሁ ነው የምትቃኘው አለ። አለና የረሂማን ድንጋይ ስቦ ተቀመጠ፣ ድንቿን እየበላ፣ ካርቡራተሩን በካቻቢቴ እየነካካ፣ ስለ ፈረስ ጉልበት ወሬውን ይነዛው ጀመር። ይቺ ስትወለድ ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት ነበራት፣ አሁን ይህን ያህል ጨምሬላታለሁ፣ የኋላ ጎማዋን የሰንሰለት ጥርስ በትልቅ ስቀይርላት ደግሞ ግድግዳ ትወጣለች።

ረሂማ ጋሽ በሺርን ቀና ብላ አየቻቸው። ጠበቀች። ጋሽ በሺር አግማስን አዩ፣ ሙንዚርን አዩ።

«ሚጥሚጣው ጥሩ ነው» አሉ።

ረሂማ ድስቷን ከደነችው።

ያን ሌሊት ጋሽ በሺር በራሳቸው አፈሩ። ሚጥሚጣው ጥሩ ነው! ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ገበያ መሃል ሲከራከር የኖረ አፍ። በማግስቱ አግማስ የኋላዋን ጥርስ ከአሮጌ ሞተር በተነቀለ ትልቅ ቀየረላት። ፍጥነቷ ትንሽ ቀነሰ፣ ዳገት ላይ ግን ጠነከረች። ከታሰረላት ሁሉ በጣም ርካሹም፣ ጋሽ በሺርን የጎዳቸውም ይኸው ጥርስ ነው። ሐሙስ ከሽንኩርቱና ከብረቶቹ ሌላ አንድ ጆንያ ጨው ጨመሩ። ሞተሯ ጆንያውን፣ ከረጢቱን፣ ብረቱን፣ አማትና አማቹን ተሸክማ ሐረጎን እንደ ፍየል ወጣችው።

ጋሽ በሺር በዚህ መሃል መታጠፊያውን አዩ። ጥላው የለም። ድስቱ የለም። ሦስቱ የጉልቻ ድንጋዮች ብቻ ቀርተዋል።

ላይ ሙንዚር ሲያቆም ወረዱና ቁልቁል መሄድ ጀመሩ። ሙንዚር ዕቃ የጣሉ መስሎት ሞተሯን አዙሮ ተከተላቸው። መታጠፊያው ላይ ከረሂማ ጎን በቆሎ እሸት የምትጠብሰው አትጠገብ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ረሂማ የት ሄደች አሏት። ዛሬ ጠዋት ጨርቋን ጠቅልላ ልጇ ጋ፣ ሐርቡ ወረደች አለቻቸው። የምትጠብቀው ሰው ነበራት፣ አንድ ሐሙስ በሞተር እየጮኸ አለፋት፣ አንድ ሐሙስ ቆሞ ስለ ሚጥሚጣ አወራት፣ ከዚህ በላይ አልጠብቅም ብላ ነው የሄደችው አለች። ሰውየው ማን እንደሆነ ታውቃለች አታውቅም፣ ከፊቷ አይነበብም።

ጋሽ በሺር ወደ ሙንዚር ዞሩ።

«ልጄ፣ ሐርቡ ውሰደኝ።»

«አሁን? ሐርቡ ምን አለ አባባ?»

«ሚስት።»

ሙንዚር ለጊዜው የሰማውን አላመነም። ከዚያ ጆንያውን አየ፣ የሽንኩርቱን ከረጢት አየ፣ የሚዛኑን ብረቶች አየ፤ አንድ በአንድ እየገባው ሲሄድ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲታገል የኖረው ከዳገቱ ሳይሆን ከአማቱ ጋር ነበር። ጭነቱን አውርዶ አትጠገብ ጋ አስቀመጠና ሞተሯን ወደ ታች አዞረ። ያ ሁሉ ጉልበት ተጨምሮባት መንገዱ ቁልቁለት ሆነ፤ ሞተሯ ምንም ሳትደክም በኮምቦልቻ አልፈው ሐርቡ ገቡ።

ረሂማ ልጇ በር ላይ ሽንብራ ስትለቅም አገኟት። ድምፁን ከሩቅ ሰምታ ኖሮ ቀና አላለችም። ጋሽ በሺር አሰላሙ አለይኩም አሉ፣ ሰላምታውን መለሰች። መልሱን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፣ ላገባሽ ነው የምፈልገው አሉ። ሳምንታት የታፈነው ነገር እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ማለፌ ከልቤ አይደለም፣ ሞተሯ ናት አልቆም ያለችኝ ብለው ጨመሩበት።

«አፍ የለዎትም እንዴ?» አለች ረሂማ። «አውርደኝ ለማለት ስንት የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል?»

ሙንዚር አንገቱን ደፋ።

ረሂማ የለቀመችውን ሽንብራ አነፈሰችው። በር ላይ የሚነገረኝን ሰምቻለሁ፣ እዚህ የሚያውቅዎት ሰው የለምና ለማለት አይከብድም አለች። ሐሙስ ሐረጎ ወጥቼ ድንቼን እቀቅላለሁ፣ በዚያችው ሞተር ይምጡ፣ ከወረዱ መልሴን እነግርዎታለሁ፣ ካለፉኝ ግን አለፉኝ ነው አለች። ሙንዚር ማርሚታዋን ወደ ድሮው ላስመልስ ቢል እንዳለች ትምጣ ብላ ከለከለችው።

ኢስራ ነገሩን ስትሰማ አንድ ቀን አኮረፈች። እናቷን አስታውሳ አለቀሰች፣ ከዚያ አባቷ ብቻቸውን ሲበሉ የኖሩትን ራት አስታውሳ እንደገና አለቀሰች። ሐሙስ ጠዋት ነጭ ጀለቢያቸውን ተኩሳ በራቸው ላይ ሰቀለችላቸው።

ከኮምቦልቻ ሲመለሱ ጭነት አልነበረም። ሞተሯ ሐረጎን ጀመረችው። አንዱን መታጠፊያ ጨረሰች፣ ሌላውን ጨረሰች፤ ጋሽ በሺር ከኋላ ሆነው ልባቸው ከማርሚታው ይበልጥ ይመታ ነበር። ሙንዚር የት እንደሚቆም እያወቀ ነዳጅ አልቀነሰም። ካልጠየቁኝ አላቆምም፣ ሴትየዋ እንዲህ ነው የፈለገችው ብሎ ወስኗል።

ጥላው ታየ። ድስቱ ታየ። ረሂማ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር፣ አትጠገብም ከአጠገቧ። ከኋላቸው ሚኒባስ ሰው ሞልቶ እያዘገመ ነው። ጋሽ በሺር «ልጄ» አሉ፣ ለራሳቸውም አልተሰማቸውም። ጥላው አጠገባቸው ደረሰ። አሁን ካላሉ መቼም አይሉም።

«ሙንዚር፣ አውርደኝ!»

ማርሚታው ያን ጩኸት ሊውጠው አልቻለም። ሐረጎ መልሶ አስተጋባው። የሚኒባሱ ሰው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አወጣ፣ አትጠገብ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሙንዚር ፍሬን ያዘ፣ ሞተሯ ዳገቱ መሃል ቆመች። ጋሽ በሺር ወረዱ፣ ጀለቢያቸውን አራገፉ፣ ከዘራቸውን ተቀበሉ። ሙንዚር ወደ ኋላ ሳያይ ማርሽ አስገብቶ ብቻውን ወጣ።

ዳገቱ ረገብ የሚልበት ቦታ ላይ ሞተሯን አጥፍቶ ጠበቃቸው። በጣም ዘገዩ።