ድምፅ ቀራጩ ደጃፍ ላይ ተኛ

ራስማታ ታፕሶባ በዘጋቢ ፊልሞቿ ያልቀረጸችው ሰው የለም። ባል የሞተባት፣ ወርቅ ቆፋሪው፣ ጉድጓድ የደረቀበት መንደር። ገንዘብ የሚሰጧት ፈረንጆች ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ካዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ዋጋዱጉ ቤቷ ያሉት ሽልማቶቿ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው መደገፊያ ሆነዋል። የገዛ አባቷን ግን አንድም ቀን አልቀረጸችም። «ብርሃኑ አይመችም ባባ፣ ሌላ ጊዜ» እንዳለችው ሽማግሌው ሞተ።

ለቀብሩ አባቷ አገር ያኮ ደርሳ ካሜራዋን ከቤቱ በር ትይዩ ተከለች። አስከሬን የሚወጣው አንዴ ነው፤ «እስቲ ድገሙልኝ» አይባልም። ይህች ቀረጻ ካመለጠቻት አባቷ በፊልም ጭራሽ የለም ማለት ነው።

ስህተቷ ድምፅ ቀራጯን ዱናሊ ቶኤን ይዛ መምጣቷ ነበር። ዱናሊ በጎሳው ሳሞ ነው፣ እሷ ሞሲ። ሳሞ ደግሞ የሞሲ የቀልድ ዘመድ ነው፤ ሞሲ ቤት ሰው ሲሞት የሚመጣው ሊያላግጥ ነው፣ የተቆጣበትም ይዋረዳል። እሷ አብራው ከመሥራቷ ብዛት ሰውየውን ከማይክራፎኑ ለይታ ማየት ትታ ነበር።

ተሸካሚዎቹ ብቅ ሲሉ ዱናሊ ማይክራፎኑን መሬት ጥሎ፣ የሟቹን ቆብ ደፍቶ ደጃፉ ላይ ተዘረጋ።

«አልሄድም!» አለ። የአባቷ የተሰነጠቀ ድምፅ ራሱ! ጆሮ እንጀራው የሆነ ሰው ምን ያቅተዋል? «ልጄ ሳትቀርጸኝ ንቅንቅ አልልም!»

«ተነስ፣ አንተ ውሻ በላ!» አለች አክስቷ ቲቦ፣ ሳቋ እያመለጣት።

«ዝም በይ ቲቦ፣ ዶሎ ጠላዬን ስትሰርቂ አይቼሻለሁ!» ወደ ካሜራው ዞረ። «አንቺ ደግሞ! የሰው ጉድጓድ ሁሉ አጎንብሰሽ አይተሻል፤ እኔ ጋ ስትደርሺ ብርሃን የለም። አሁንስ? ፀሐይዋን ዝቅ ላድርግልሽ?»

ግቢው በሳቅ አበደ። ራስማታ ልትጮኽበት አፏን ከፈተች። መቆጣት ግን ነውር ነው።

«በቃ ባባ» አለች ሳታስበው። «ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? አንድ ዶሮ ስጡኝና ልሂድላችሁ!»

ዶሮው መጣ፣ ዱናሊ ተነሳ፣ አስከሬኑ ወጣ። ካሜራው በዚያች ሰዓት የያዘው እየሳቀ የተነሳውን ሕዝብ ጀርባ ብቻ ነው። መሬት የወደቀው ማይክራፎን ግን አንዲት ቃል አላመለጠችውም።

በኋላ ገንዘብ ከሚሰጧት አንዱ፣ ፈረንሳዊ ፕሮዲውሰር፣ ቀረጻውን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። «አስከሬኑ የታል? ይሄ ቀልደኛም ከፊልሙ ይውጣ። ለመሆኑ ማነው?»

«አባቴ ነዋ» አለች ራስማታ። «ቆቡን አታይም እንዴ?»