ማንም ያልተወለደበት ቀን

«ነገ ስሜን በሬዲዮ ካልጠሩልኝ ቅዳሜ በአሥራ አምስት ዓመት ድግሴ ላይ ቀሚሱንም አልለብስ፣ ቫልሱንም አልደንስ!» አለች ዮርሌኒ የስቱዲዮውን በር በእግሯ ይዛ።

ኦንዲና ሥራዋን ጨርሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ነበር። መንገድ የዘጋችባት ራሷ ክርስትና ያነሣቻት ልጅ ባትሆን ኖሮ ገፋ አድርጋት ባለፈች።

«ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዘፈን እከፍትልሻለሁ። ከተማው እስኪሰለችሽ ድረስ።»

«ቅዳሜ እኮ አልተወለድኩም።»

«መዝገቡ ላይ ተወልደሻል።»

«መዝገቡማ ውሸታም ነው! እርስዎም ያውቃሉ፤ የእማዬን እጅ ይዘው እዚያው ነበሩ።» የልጅቷ ድምፅ ዝቅ አለ። «እትዬ ኦንዲና፣ በልደቴ ቀን እማዬ እንኳን ዓይኔን አታየኝም። አንድ ጥፋት አጥፍቼ የመጣሁ ነው የሚመስለኝ።»

ኦንዲና «እናትሽ ትጠብቅሻለች፣ ሂጂ» ብላ በሩን ቆለፈች።

እውነቱን ለመናገር በአጉዋ ዱልሴ ከተማ ኦክቶበር ሠላሳ የተወለደ ሰው የለም። ዮርሌኒ በተወለደችበት ሌሊት፣ ሳምንት ሙሉ ያላባራ ዝናብ ያራሰው ኮረብታ ተንዶ የታችኛውን ሰፈር ከነሰዉ ዋጠው። ከዚያ ወዲህ ዕለቱ «የኮረብታው ቀን» ነው። ሙዚቃ አይከፈትም፣ ሰርግ አይደገስም፣ መጠጥ ቤቱም ይዘጋል። ልጇ በዚያ ቀን ሻማ ስታጠፋ ማየት የምትፈልግ እናትም የለችም። ስለዚህ በዚያ ቀን የወለደች ሁሉ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ጸሐፊው ቀና ሳይል «ሃያ ዘጠኝ ይሁን ሠላሳ አንድ?» ብሎ ይጠይቃታል። እንዲህ ይደረግ ብሎ ያዘዘ የለም። እንዲህ አይደረግም ያለም የለም። ዮርሌኒም ሠላሳ አንድ ተብላ ተጻፈች።

የኦንዲና የጠዋት ዝግጅት ደግሞ ሥራው ቀንን መቁጠር ነው። «እንደ ዛሬ ባለ ቀን» ብላ ትጀምርና የዕለቱን ቅዱስ፣ በዓለም የሆነውን ነገር፣ የተወለዱትን ታላላቅ ሰዎች ትዘረዝራለች። በመጨረሻም የከተማውን ባለ ልደቶች እየጠራች ለእያንዳንዳቸው ዘፈን ትከፍታለች። የሚስቱን ልደት የረሳ ባል በኦንዲና ድምፅ ይታረቃታል። በኮረብታው ቀን ግን የቅዱሱን ስም ብቻ ታወሳና በቀጥታ ወደ ሟቾቹ ስም ትሄዳለች። ከእነሱ በኋላ ዝምታ ነው። ማራዶና እንኳን የተወለደው በዚያው ቀን ስለሆነ በአጉዋ ዱልሴ ስሙ አይነሣም፤ ፀጉር አስተካካዩ በየዓመቱ «እግዜር የወለደውን እናንተ ከለከላችሁት» እያለ ያማርራል።

ከሟቾቹ አንዱ ሮሄልዮ ነው፤ የኦንዲና ባል። ያን ምሽት የዮርሌኒ እናት ኖልቪያ ምጥ ያዛት ተብሎ ሲላክባት «በዚህ ዝናብ የት ትሄጃለሽ? ኖልቪያ እናት የላትም እንዴ?» ብሏት ነበር። እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ላይኛው ጤና ጣቢያ ወጣች። ስትመለስ ቤት የለም፣ ባል የለም፣ መንገዱም የለም። ይኸው እስከ ዛሬ ስሙን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ድምፅዋን ሳትለውጥ ታነበዋለች። ሰዉም «ምን ያለች ጠንካራ ሴት» ይላል።

ዮርሌኒ በሩን በያዘችባት ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ጥንካሬዋ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ቤቷ ገብታ ምግብ አቀረበች፣ ሳትቀምሰው መልሳ ከደነችው። ለዮርሌኒ የገዛችውን ባለ ተረከዝ ጫማ ከካርቶኑ አወጣች፤ በድግሱ ላይ እንደ ወጉ ተንበርክካ የምታጠልቅላት የክርስትና እናቷ እሷ ናት። መልሳ ከተተችው። ቁጭ ብድግ ስትል ቆይታ በመጨረሻ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ አበልጇ ቤት ወጣች።

ኖልቪያ ለቅዳሜው ድግስ ታማል የሚሉትን የበቆሎ ሊጥ ምግብ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር። ገና ስታያት ገባት።

«መጥታ ነዘነዘችሽ አይደል? አትስሚያት፤ ልጅ ናት።»

«ልጅቷ ምን አጠፋች?»

«አበልጄ፣ አንቺም ደግሞ አትጀምሪኝ! ነገ ዶን ፊደንሲዮ ኮረብታው የበላባቸውን ሦስት ሴት ልጆቻቸውን ሲያለቅሱ የኔዋ ስሟ በሬዲዮ ይጠራ? በየት ሰፈር ልለፍ?»

ኦንዲና አጠገቧ ተቀምጣ አንድ ቅጠል አነሣች። መጠቅለል አቅቷት ሊጡ በዳር በዳር አመለጠ።

«ተይው፣ ታበላሺዋለሽ» አለች ኖልቪያ ቅጠሉን ነጥቃ። ከዚያ እጇ እዚያው ቆመ። «በማግስቱ ከጤና ጣቢያው ስወጣ ሰዉ በአካፋ በእጁ ይቆፍራል። አንዲት ሴት አየችኝና በእቅፌ ያለው ልጅ ነው ወይስ ዕቃ ብላ ጠየቀችኝ። ዕቃ ነው አልኳት። ልጅ በመውለዴ አፈርኩ፣ አበልጄ። አንቺን ደግሞ እንዴት ብዬ ልይሽ? እኔን ልታዋልጂ ወጥተሽ...»

«ቤት ብቀመጥ እኔም አብሬው ነበርኩ» አለች ኦንዲና።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ይህን ሁሉ ዓመት ለራሷ እንኳን ብላው አታውቅም ነበር። ኖልቪያ ከታማሉ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ኦንዲና ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች፤ ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው መርጠቧን ያወቀችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሲነጋ ስቱዲዮ ስትደርስ ዶን ፊደንሲዮ ቀድመዋት ደርሰዋል። በየዓመቱ በዚህ ቀን ይመጣሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከማይክራፎኑ ፊት ለፊት ይቀመጡና የሦስቱን ልጆቻቸውን ስም በቅርብ ይሰማሉ። ከዚያ «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ይሄዳሉ። ዘንድሮ ግን ገና ሳትቀመጥ ጀመሩ።

«የልጅቷን ነገር ሰማሁ።»

«በዚህ ከተማ ምን የማይሰማ ነገር አለ፣ ዶን ፊደንሲዮ?»

«ልደት ነገም ይደርሳል። የጠየቅናችሁ አንድ ቀን ነው። የቀረው ዓመት በሙሉ የእናንተ ነው፤ ዝፈኑበት፣ ጨፍሩበት፣ ማን ከለከላችሁ?»

«የኔም ሰው እኮ እዚያ ውስጥ አለ።»

«ስላለ አይደል ያመንንሽ» አሉ፤ ቁጣ በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም፣ ይህ ደግሞ ከቁጣው ባሰባት።

ቀይ መብራቱ በራ። «እንደ ዛሬ ባለ ቀን» አለች ኦንዲና። የዕለቱን ቅዱስ፣ ቅዱስ ማርሴሎን አወሳች። ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራች። የዶን ፊደንሲዮ ልጆች ሲደርሱ፣ እንደ ልማዷ በእያንዳንዳቸው መካከል ትንሽ አረፈች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሮሄልዮ ሲደርስ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰነጠቀ። ናፈቃት። እንደ ትላንት ናፈቃት። ሄዳ በመትረፏ በራሷ ተናደደች፣ አትሂጂ በማለቱም በእሱ ተናደደች።

ስሞቹ አለቁ። አሁን ማይክራፎኑን መዝጋት፣ ዝምታውን መተው ነበረባት። እጇ ወደ መዝጊያው ሄዶ እዚያው ቀረ። የሞቱትን ሁሉ በስም ስትጠራ ኖራ እሷን በሕይወት ያቆየቻትን አንዲት ነፍስ በየዓመቱ እየዘለለቻት እንደነበር ገባት።

«እንደ ዛሬ ባለ ቀን» አለች እንደገና፤ ዶን ፊደንሲዮ ዓይናቸውን ገለጡ። «ኮረብታው ከመውረዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በላይኛው ጤና ጣቢያ፣ የኖልቪያ ልጅ ዮርሌኒ ተወለደች። ከተማው ትላንት ይሁን ነገ እያለ ቀኗን ሲደብቅ ኖሯል፤ የተወለደችው ግን ዛሬ ነው። እኔ እዚያ ነበርኩ። በሕይወት ያለሁትም እዚያ ስለነበርኩ ነው። ዮርሌኒ ልጄ፣ እንኳን ተወለድሽልኝ።»

ጣቷ በልማድ ወደ ልደት ዘፈኑ ቁልፍ ሄደ፤ ግን አልተጫነችውም። ለዚህ ቀን ሙዚቃ መክፈት ልቧ አልፈቀደላትም። ዝም ማለትም አልሆነላትም። ስለዚህ ራሷ መዝፈን ጀመረች። መናገሩ ነው እንጂ መዝፈኑ አልተሰጣትም፤ ገና በመጀመሪያው ስንኝ ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ መውረጃ አጣ።

ዶን ፊደንሲዮ ተነሡ። የማይክራፎኑን ገመድ ሊነቅሉት ነው ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ትንሽ ቆመው አዩዋትና ወጡ። በሩን አልዘጉትም። የዝናቡ ድምፅ ገባ፣ ወዲያው ደግሞ ስልኩ መጮኽ ጀመረ። ስድብ ይሁን ምርቃት ሳታነሣው ማወቅ አይቻልም።

የዘፈኑ የመጀመሪያ ክፍል አለቀ። እዚህ ላይ ብታቆም ማንም አይጠይቃትም ነበር፤ ይቅርታ ጠይቃ ብትዘጋውም ከተማው እስከ ከርሞ ይረሳላት ይሆናል። ኦንዲና ስልኩን እንዲጮኽ ትታ ሁለተኛውን ክፍል ጀመረች። ሁልጊዜ ዘፈኑን ለሸክላው ትታ ስለምትወጣ የዚህን ክፍል ግጥም በደንብ አታውቀውም ነበር፤ ቃሉ በጠፋባት ቦታ ሁሉ «ዮርሌኒ» እያለች ሞላችው።