የጎደለው ሶዳ

የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ንብረት ጠባቂ በየአርቡ ጠርሙሱን ሁሉ ይመዝናል። አንዲት ግራም ከጎደለች ምሳ አይወርድለትም። ከኋላው «ጋሽ ሚዛን» ይሉታል፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ሦስት አርብ በተከታታይ የማጠቢያው ሶዳ ጎደለ፤ ሃያ፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሁለት ግራም። የክፍሉ ቁልፍ ያለው እሱና የጽዳት ሠራተኛዋ ዘንድ ብቻ ነው። እሱ ራሱን ያውቃል። እንግዲህ ማን ቀረ? «ቁልፍ የያዘ ይጠየቅ» ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ጻፈ። ሴትዮዋም ሐሙስ ጠዋት ቢሮው ቀርባ እንድትጠየቅ ቀጠሮ ተሰጣት፤ መልስ ካጣች ከሥራዋ ትሰናበታለች።

«ጋሼ፣ ልጆቼን ይንሳኝ፣ እጄን አላሳረፍኩበትም!»

ሌባ መሐላ አይገደውም አለ በሆዱ።

ነገሩን የሰማችው የኬሚስትሪ መምህርት ሰኞ ዕለት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳችው። ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ እንደ መስታወት ጥርት ያለ የነበረው የሶዳው ጠጠርም ዳር ዳሩን ነጭ ዱቄት ለብሷል።

«የሄደው ሶዳው አይደለም፣ ጠጠሩ ውስጥ የታሰረው ውሃ ነው» አለች።

«ማን ወሰደው?»

«ማንም። ውሃው ለመላቀቅ ከክፍሉ ሙቀት ይወስዳል። ከተላቀቀ ግን አየር ላይ ይበተናል፤ የመበታተኑ ልክ፣ ኢንትሮፒ የምንለው፣ ይጨምራል። አየሩ እንዲህ ሲደርቅ መበተኑ ያመዝናል፤ የሙቀቱና የመበተኑ ሒሳብ ሲጣራ ነፃ ኃይሉ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ነገር ገፊ ሳይፈልግ በራሱ ይሄዳል።»

«ኢንትሮፒ ደግሞ የሴትዮዋ ዘመድ ነው?»

ሳቀችና አዲስ ሶዳ በሁለት ጠርሙስ ሞላች። አንዱን በሰም ደፈነች፣ ሌላውን ክፍት ተወችው።

«እስከ ሐሙስ ይጎድላል?»

«መሄዱን አውቃለሁ። ፍጥነቱን ግን ነፃ ኃይል አይነግረኝም።»

አሃ! ከወዲሁ ማምለጫ እያበጀች መሰለው። ሁለቱ ተመካክረው ቢሆንስ? ጠርሙሶቹን መዝኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው፤ መዝጊያው ላይ ክር በሙጫ ለጠፈ፤ ቁልፉን ካልሲው ውስጥ ከተተና ሦስት ቀን ሙሉ ሲያነክስ ሰነበተ።

ሐሙስ ጠዋት ክሩን ማንም አልነካውም። የተደፈነው ልክ ነው። ክፍቱ ዘጠኝ ግራም ጎድሏል። ሚዛኑን እፍ አለበት፣ ወለወለው፣ ደግሞ መዘነ። ያው ዘጠኝ። መምህርቷን እንዳይጠረጥር ክሩ አለ፤ ሌላውን እንዳይጠረጥር ቁልፉ ቁርጭምጭሚቱን ልጦታል።

እየሮጠ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደረሰ። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ መሐረቧን እያፍተለተለች ተቀምጣለች።

«ሊመሰክሩብኝ መጡ?»

«ዛሬ የጎደለው በእኔ ቁልፍ ነው» አላት ቀና ብሎ ሊያያት እያፈረ። «እስቲ ጠጋ በይልኝ፤ አስቀድሜ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»